ሁለት ሞተር፣ አንድ ብስክሌት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው የእጅ ሙያ ዝግጅታችን እነሆ ጀመረ። ቡና የያዛችሁ ቡናችሁን፣ ሥራ የያዛችሁም ሥራችሁን ሳታቋርጡ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ብስክሌት ነው። ኋላው በቤንዚን፣ ፊቱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ፔዳሉም ያልተነቀለ ብስክሌት። እንዲህ ያለውን ሃይብሪድ ይሉታል። በመኪናው በኩል ስሙን ታውቁታላችሁ። ቶዮታ ፕሪየስን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው በ1997 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬ ያንኑ ሐሳብ ወደ ብስክሌት እናወርደዋለን።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንዱን ሞተር መጠበቅ እንኳ ራስ ምታት ነው። ነዳጁ፣ ካንዴላው፣ ዘይቱ! ታዲያ ሰው ለምን ሁለት ይጭናል?

(ሙዚቃው ይጠፋል)

መልሱ ያለው ዳገት ላይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በብስክሌት ለመውጣት የሞከረ አድማጭ ካለ አሁን ፈገግ ብሏል።

እስቲ እናስበው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 40 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ላይ ተቀምጧል። ሜዳ ላይ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 250 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ይኸው ሰው በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ገጠመው እንበል። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢወጣ ስንት ይፈልጋል? 500 ዋት ገደማ! ፍጥነቱ በግማሽ ወረደ፣ የሚፈለገው ጉልበት ግን እጥፍ ሆነ። ልብ በሉ፤ ስፖርተኛ ያልሆነ ሰው ሳይደክመው ለአንድ ሰዓት የሚሰጠው ጉልበት ከ100 ዋት ብዙ አይርቅም።

አሁን ትንሿን የቤንዚን ሞተር እንያት። ብስክሌት ላይ የምትገጠመው ሞተር ማርሽ የላትም። አንድ ካቴና፣ አንድ ፍሪሲዮን፣ በቃ። ጉልበቷ የሚመጣው በፍጥነት ስትሽከረከር ነው። ዳገት ይዟት ፍጥነቷ ሲወርድ ጉልበቷም አብሮ ይወርዳል። በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከዳል ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ተቃራኒ ጠባይ አለው። ከቆመበት ሲነሳ ነው ግፊቱ የሚበረታው። የትራፊክ መብራቱ እንደ ለቀቀ ይነሳል፣ ዳገት ላይም ይገፋል። የእሱ ችግር ሌላ ነው፤ ስንቁ ትንሽ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለ። ጥሩ የሚባል የብስክሌት ባትሪ፣ 48 ቮልት በ10 አምፒር ሰዓት፣ የሚይዘው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። እርግጥ ትንሿ የቤንዚን ሞተር የምትጠጣውን አብዛኛውን በሙቀትና በጭስ ታባክነዋለች፤ የኤሌክትሪኩ ግን አብዛኛውን ወደ ጎማው ያደርሳል። ቢሆንም፣ ለረጅም መንገድ ቤንዚኑ ያሸንፋል።

ስለዚህ ሥራ እናካፍላቸው። ኤሌክትሪኩ ለመነሻና ለዳገት፣ ቤንዚኑ ለረጅሙ ሜዳ። ልድገመው፤ ኤሌክትሪኩ ለመነሻና ለዳገት፣ ቤንዚኑ ለረጅሙ ሜዳ። ዛሬ የምናወራው ሁሉ ከዚህ ክፍፍል የሚነሳ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ዕረፍት)

አቅራቢ፦ «ሁለቱን ሞተሮች የሚያገናኘው ማርሽ የት ነው?» ብላችሁ ይሆናል። የለም! የኋላውን ጎማ ቤንዚኑ ይነዳል፣ የፊቱን ጎማ ኤሌክትሪኩ ይነዳል፤ የሚያገናኛቸው ከሥር ያለው አስፋልት ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ተከትሎ ይንከባለላል። ሁለቱም ሲገፉ ኃይላቸው ይደመራል። በጓሮ የሚሠራ ሰው ይህን ሥራ ሊሞክረው የሚችለው ውስብስብ የማርሽ ሳጥን ስለሌለበት ነው።

ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ ሞተሩ በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ የተቀመጠ ብስክሌት ሠርቶ የፈጠራ መብት ያገኘው በታኅሣሥ 31 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ነው። ፈርዲናንድ ፖርሼም በ1900 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ሎነር ከሚባለው ፋብሪካ ጋር ሲሠራ የፊት ጎማዎቹ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለበት፣ ኤሌክትሪኩን ደግሞ በቤንዚን ሞተር የሚያመነጭ መኪና ሠርቷል። የእኛ ብስክሌት ከዚያ የሚለየው ቤንዚኑ ራሱ ጎማ ስለሚያሽከረክር ነው።

(ድምፅ፦ የትንሽ ሞተር ድምፅ ይነሳል፣ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ኋላው ጎማ እንሂድ። በዓለም ላይ ብስክሌት በሞተር የሚያሠሩ ሰዎች በብዛት የሚገዙት ቻይና ሠራሹን ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ካርቶን ውስጥ ተሟልቶ ይመጣል፤ ሞተሩ፣ የነዳጅ ታንኩ፣ ካርቡራተሩ፣ ማርሚታው፣ ካቴናው። ሻጮች ብዙ ጊዜ 80 ሲሲ ይሉታል። ፒስቶኑን ለኩት፤ ስፋቱ 47 ሚሊ ሜትር፣ ጉዞው 38 ሚሊ ሜትር። ሲባዛ የሚመጣው 66 ሲሲ ነው። የጎደለው 14 ሲሲ በገበያ ቋንቋ የተሞላ ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር የራሱ የዘይት ማስቀመጫ የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። ስንት? ሞተሩ አዲስ ሳለ ከ16 ቤንዚን 1 ዘይት፣ ሲለማመድ ደግሞ ከ25 ቤንዚን 1 ዘይት ብዙዎች የሚጠቀሙበት ነው። ግን ከሞተሩ ጋር የመጣው ወረቀት የሚለውን አስቀድሙ። ከ25 አንድ ማለት በቀላሉ፣ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። ዘይቱም ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራው ይሁን እንጂ የመኪና ዘይት አይሁን።

ዘይት የሌለበት ቤንዚን አንድ ጊዜ ቢገባስ? ፒስቶኑ ደርቆ ይግላል፣ ይነክሳል፣ ሞተሩም እየሄደ ሳለ ቀጥ ይላል። ሞተሩ ቀጥ ሲል የኋላው ጎማም ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ ቤንዚኑን በሌላ ዕቃ ቀላቅሉና ታንኩ ውስጥ የተቀላቀለውን ብቻ ጨምሩ። «ታንኩ ውስጥ ይንቀጠቀጥና ይቀላቀላል» የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

አሁን ደጋ አገር ለምንኖር ሰዎች የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የቤንዚን ሞተር በአየር ነው የሚኖረው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም። ፋብሪካው ለቆላ አየር የለካለትን ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። አየር ትንሽ፣ ቤንዚን ብዙ። ውጤቱ ጥቁር ጭስና የሚንተባተብ ሞተር ነው።

ካርቡራተሩን ከሥሩ ብትፈቱት አንዲት የነሐስ ብሎን ታገኛላችሁ። ከትንሿ ጣት ጥፍር አትበልጥም። ወደ ብርሃን አዙራችሁ ብታዩአት መሐሏ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀዳዳ አለች። ሞተሩ የሚጠጣው ቤንዚን በሙሉ የሚያልፈው በዚህች ቀዳዳ ነው። ለደጋ አገር መፍትሔው ቀዳዳዋ ጠበብ ያለውን መግዛትና መቀየር ነው። የነበረችውን በሽቦ እየወጉ ማስፋት ግን ነገሩን ያባብሰዋል።

ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? ካንዴላው ይነግረናል። ጥሩ ርቀት ከሄዳችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን ተመልከቱ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷል፣ ሞተሩም እየተቃጠለ ነው፤ ይህኛው የባሰው ነው። የምንፈልገው የገብስ ቆሎ የመሰለውን ቀለም ነው።

የኤሌክትሪኩስ ሞተር? እሱ አየር አይተነፍስም። ምጥዋም ሆነ እንጦጦ ጉልበቱ ያው ነው። የሥራ ክፍፍላችን በደጋ አገር የበለጠ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ዳገቱ ላይ ቤንዚኑ ሲዳከም ያልተዳከመ ረዳት አጠገቡ አለ።

(አጭር የሙዚቃ ዕረፍት)

አቅራቢ፦ ወደ ፊት ጎማው ደረስን። ሞተሩ መካኒኮች ሞዞ የሚሉት የጎማው እምብርት ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ማርሽ የሌለው ነው፤ ማግኔቶቹ ከጎማው ጋር ተጣብቀው አብረው ይሽከረከራሉ። ሌላው በውስጡ ትናንሽ ማርሾች አሉት፤ አነስ ያለ ነው፣ ቀለል ያለ ነው፣ ኃይል ስታቋርጡበት ደግሞ ልክ እንደ ብስክሌት ፔዳል ለብቻው ይለቃል።

ለእኛ ብስክሌት የትኛው ይሻላል? አብዛኛው ሰው ማርሽ የሌለውን ይመርጣል። «ቁልቁለት ስንወርድ ባትሪውን ይሞላል» ይላሉ። እውነት ነው፣ የሞተሩን ኃይል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር የሚፈቅድ ዓይነት ከሆነ ይሞላል። እኔ ግን ባለ ማርሹን እላለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ይህ ነጥብ ብዙ ሰው የማያየው ነው።

ማርሽ የሌለው ሞተር ሲሽከረከር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በፈጠነ ቁጥር የሚያመነጨው ቮልት ከፍ ይላል። ሞተሩ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የተሠራ ነው እንበል። ቤንዚኑ ግን ብስክሌቱን ወደ 45 ቢያደርሰውስ? የፊቱ ሞተር ሳይፈልግ ጀነሬተር ይሆናል። ቮልቱ ከባትሪው ይበልጥና በኮንትሮለሩ በኩል ወደ ኋላ ይፈስሳል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ የባትሪው መከላከያ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ኃይልም ኮንትሮለሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ተራ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሜዳ ላይ ይህ አይገጥመውም። የሚገጥመው ከኋላው ሌላ ሞተር የሚገፋው ብስክሌት ነው! ባለ ማርሹ ግን ጎማው ሲቀድመው ይለቀዋል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

«ታዲያ ቤንዚኑ እየነዳ ባትሪውን ቢሞላልን ምን አለበት?» ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። መልሱ፣ ማርሽ በሌለው ሞተር ይቻላል፣ ግን አያዋጣም። መንገዱን ተከተሉት። ቤንዚን በሞተር፣ በካቴና፣ በኋላ ጎማ፣ በአስፋልት፣ በፊት ጎማ፣ በኮንትሮለር አልፎ ባትሪ ይገባል፤ ከዚያ እንደገና ይወጣል። በየበሩ ቀረጥ ይከፈላል። ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ርካሹ ነው።

ግን አንድ የምወደው ጥቅም አለ። ባለ ሁለት ምቱን ሞተር ለማስነሳት በልማድ ምን ይደረጋል? ፍሪሲዮን ይዞ ፔዳል መርገጥ፣ ሲፈጥን ፍሪሲዮኑን መልቀቅ። ዳገት ላይ ከጠፋ ወዮለት! ኤሌክትሪክ ያለው ግን በኤሌክትሪኩ ይነሳል፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ቤንዚኑ ይነሳል። የፊት ጎማው ሞተር የኋላው ማስነሻ ሆነ ማለት ነው። በመንደር ውስጥ፣ በትምህርት ቤት ደጃፍ፣ ሌሊት ወደ ቤት ሲገባም ቤንዚኑን አጥፍቶ በጸጥታ ማለፍ ይቻላል። ጎረቤት ያመሰግናል።

(አቅራቢው ትንሽ ቆም ይላል፤ የሚቀጥለው ክፍል ቀስ ተብሎ ይነበብ)

አቅራቢ፦ አሁን እርሳስና ወረቀት ያላችሁ አዘጋጁ። አደጋ ወዳለበት ክፍል ገባን። የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ የቆመው ሹካ።

ተራ ብስክሌት ላይ የሹካው ጫፍ ሥራ ቀላል ነው። ጎማው እንዳይወድቅ ይይዛል፤ ዘንጉም ለመሽከርከር አይታገለውም። ሞተር ሲገባ ግን ሁሉም ይለወጣል። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር ዘንጉ ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል። የዘንጉ ጫፍ ሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች አሉት፣ በመሐላቸው ያለው ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ጉልበት የሚይዙት እነዚያ ሁለት ጎኖች ብቻ ናቸው።

ምን ያህል ጫና ነው? መካከለኛ ጉልበት ያለው ሞተር ዳገት ላይ ሙሉ ኃይል ሲሰጠው፣ በግራና በቀኝ ተከፋፍሎ እንኳ እያንዳንዱ የሹካ ጫፍ ላይ ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ያርፋል። በ10 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ!

ሹካው አሉሚኒየም ከሆነ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ብረት ከሆነ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ምልክት ይሰጣል። ዘንጉ አንዴ ከለቀቀ ተሽከርክሮ የራሱን ሽቦ ይቆርጣል፣ ከዚያ ጎማው ከነሞተሩ ይወጣል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የፊት ጎማ ሲወጣ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር ብረት የተቆረጠ አንድ ጣት የሚረዝም ክንድ። አንደኛው ጫፉ በዘንጉ ጠፍጣፋ ጎኖች ልክ የተቆረጠ ቀዳዳ አለው፣ ሌላኛው ጫፉ ከሹካው እግር ጋር በክላምፕ ይታሰራል። ጉልበቱ አሁን የሚያርፈው 10 ሚሊ ሜትር ላይ ሳይሆን 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ርቀቱ አሥር እጥፍ ሆነ፤ ስለዚህ ጫናው ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። 200 ኪሎ የነበረው 20 ኪሎ ሆነ! ማንኛውም ብየዳና መቁረጫ ያለው ቤት ይሠራዋል። ቀዳዳው ግን ልክ ይሁን፤ በፋይል እየተሞረደ፣ ዘንጉ በመዶሻ ቀስ ብሎ ተመትቶ የሚገባ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሥራው አልተሠራም።

ልድገመው። የፊት ሹካው ብረት ይሁን፤ ክንዱ በሁለቱም በኩል ይታሰር፤ ዳዶው በየሳምንቱ ይታይ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የኋላው ጎማም የራሱ ጣጣ አለው። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው ባለ ጥርስ ክብ ብረት የሚታሰረው በጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ፣ በላስቲክ መሐል ተጨምቆ፣ በ9 ብሎኖች ነው። መሐል ላይ ካልተቀመጠ ካቴናው በየዙሩ ይጠብቃል፣ ይላላል። ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩት፤ ካቴናው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥብቀት ካልያዘ ብሎኖቹን አላልታችሁ እንደገና አስተካክሉ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሊወስድ ይችላል።

ካቴና መወጠሪያ ተብላ የምትመጣውን ትንሿን ጎማም ተጠንቀቁባት። ከብስክሌቱ ብረት ጋር በክላምፕ ነው የምትታሰረው፤ ክላምፑ ሲላላ ዞራ ወደ ሽቦዎቹ ትገባለች። ካቴናውን በልኩ ቆርጦ ያለ መወጠሪያ መሥራት የሚቻል ከሆነ እሱን ምረጡ።

ፍሬን? ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚያስፈልገው ሥራ አራት እጥፍ ይሆናል። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያቆማችሁ ፍሬን በ40 የሚጠበቅበት አራት እጥፍ ነው፤ በዚያ ላይ ብስክሌቱ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ጨምሯል። ስለዚህ ማንኛውም ሞተር ከመግባቱ በፊት ፍሬኑ ይታደስ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

እጆቻችንንም እናስብላቸው። ቀኝ እጅ የቤንዚኑን መስጫ ይይዛል። ግራ እጅ ፍሪሲዮኑን ይይዛል። የኤሌክትሪኩ መስጫ በግራ አውራ ጣት የሚገፋ ይሁን። እንግዲህ የግራው ፍሬን የት ይሄዳል? አንድ መያዣ ሁለት ገመድ የሚስብ፣ ሁለቱንም ፍሬን የሚይዝ ዓይነት አለ፤ እሱን ቀኝ በኩል ማድረግ ነው። መያዣው ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ፍሬን ስትይዙ ሞተሩ ራሱ ይለቃል። ቤንዚኑን የሚያጠፋው ቁልፍም አውራ ጣት የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ሁለት ሞተር ካለ ሁለት ማጥፊያ ግድ ነው።

(ድምፅ፦ የመፍቻ ድምፅ)

አቅራቢ፦ ባትሪው የት ይቀመጥ? የተለመደው ቦታ፣ የብስክሌቱ ሦስት ማዕዘን ውስጥ፣ በቤንዚኑ ሞተር ተይዟል። ስለዚህ ወደ ኋላ፣ ወደ ዕቃ መጫኛው ይሄዳል። እዚያ ሲቀመጥ ከማርሚታው ሙቀት ይራቅ። ሥሩ ስፖንጅ ወይም ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍለት፤ ባለ አንድ ፒስቶን ሞተር ንቅናቄው ብርቱ ነው፣ የተበየዱ ሽቦዎችን ሳይታይ ያላላል። ፊውዙ ደግሞ ከባትሪው አጠገብ፣ ፖዘቲቩ ሽቦ ላይ።

የአሲድ ባትሪ ርካሽ ነው፤ ግን 48 ቮልት ለመሙላት አራት ያስፈልጋል። ባለ 12 አምፒር ሰዓቱ አንዱ ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል፣ በጠቅላላው 16 ኪሎ! ያውም በየቀኑ እስከ ጥግ ካራገፉት ዕድሜው ያጥራል። ሊቲየም በጣም ይቀላል፣ ግን በራሱ ቻርጀር ብቻ ይሞላ። ቤንዚን ያለበት ብስክሌት ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ግን ምንም ባትሪ አትሙሉ። ባትሪውን ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ወስዳችሁ ሙሉ።

የሥራ ቅደም ተከተሉስ? እኔን ከጠየቃችሁ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ፣ ቤንዚን መጨረሻ። ኤሌክትሪኩን ገጥማችሁ ለብቻው ጥቂት ሳምንት ንዱት። ከዚያ አስቡ። ቤንዚኑ አስፈለገኝ ወይ?

እውነቱን ልንገራችሁ። በቀን የምትሄዱት ከ30 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ከሆነና ቤታችሁ መብራት ካለ፣ ቤንዚኑ ትርፍ ጭነት ነው። ጭሱ፣ ዘይቱ፣ ጩኸቱ ሁሉ በከንቱ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሲከለክል የነፋሱ አቅጣጫም ታይቷል። ባሕር ዳርና ሐዋሳን በመሳሰሉ ሜዳማ ከተሞች ኤሌክትሪኩ ብቻውን ይበቃል። ሁለቱ አብረው የሚያዋጡት መብራት በሚቆራረጥበት፣ መንገዱ በሚረዝምበት፣ ዳገቱም በሚበዛበት ቦታ ነው። ወይም ደግሞ መሥራቱ ራሱ ደስ ለሚላችሁ፤ ይህም ምክንያት ነው፣ አላፍርበትም።

ሁለቱንም ከገጠማችሁ ዳገት ላይ አብራችሁ አሠሯቸው፤ አንዱን ብቻውን አታስለፉት። የኤሌክትሪኩ ሞተር በጣም ቀስ ብሎ ረጅም ዳገት ሲገፋ በውስጡ ይግላል። እጃችሁን ስታስጠጉበት የማያስነካ ከሆነ አሳርፉት።

ስለ ሕግም አንድ ነገር። ውጭ አገር ሆናችሁ የምታዳምጡን አላችሁ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ብስክሌት የሚባለው የኤሌክትሪክ ረዳቱ ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ መርዳቱን የሚያቆም ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ750 ዋት በታች የሆነና በሞተር ብቻ በሰዓት ከ20 ማይል በታች የሚሄደውን ይመለከታል፤ የመንገዱን ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት ያወጣል። ቤንዚን ሞተር ሲገባ ግን ብስክሌቱ ከእነዚህ ከሁለቱም ይወጣል፤ ሞተር ተሽከርካሪ ነው። እኛም ዘንድ ያው ነው ብላችሁ ያዙ። ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለውን የትራንስፖርት ቢሮ ስለ ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ጠይቁ። አዲስ አበባ ያላችሁ በተለይ፤ ከተማዋ በሞተር ብስክሌት ላይ ያላት ቁጥጥር ጥብቅ ነው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ በቀስታ ይገባል)

አቅራቢ፦ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ብስክሌት ያላችሁ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ፈልጉ። ወደ ፊት ሹካው አስጠጉት። ከተጣበቀ ሹካው ብረት ነው፤ ካልተጣበቀ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ የፊት ሞተር አይገጠምበትም። ሙሉውን ሹካ ከላይ እስከ ታች ሞክሩት፤ አንዳንዱ ከላይ ብረት ሆኖ ጫፉ አሉሚኒየም ነው። ያገኛችሁትን ጽፋችሁ ላኩልን።

በሚቀጥለው ሳምንት የቆየ ባትሪ ገና መሥራት አለመሥራቱን በመለኪያ እንዴት እንደምንፈትሽ እንነጋገራለን። ቮልት መለኪያ ያላችሁ አጠገባችሁ አድርጉ። እስከዚያው ሰላም ሁኑ!

(ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ዝግጅቱ ያበቃል)